የትራም ነጂው እንቅልፍ

ራዲም በቼክ አገር፣ ብርኖ ከተማ ውስጥ ትራም የሚባለውን የከተማ ባቡር ሲነዳ ጠጉሩ ሸብቷል። እንቅልፍ የከዳው ግን በቅርቡ ነው። ያለ ምክንያት፣ ድንገት። ዓይኑ ደም ለብሶ ሥራ ይገባል፤ የታዘዘለት ክኒን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያደነዝዘዋል።

የሚስቱ የብላንካ ወንድም ኦታካር በጓሮው ካናቢስ ተክሎ ዘይቱን ያወጣል። አንድ ቀን ትንሽ ብልቃጥ ይዞ መጣ።

«እንካ፣ ከምላስህ ሥር ጠብ አድርጋት። እንደ ሕፃን ነው የምትተኛው።»

«ሐሺሽ አይደል እንዴ?»

«ኧረ መድኃኒት ነው! ፋርማሲም ይሸጣል እኮ።»

ራዲም አላመነውም፤ ክኒኑን ያዘዘችለትን ሐኪም ጠየቃት።

«እውነቱን ልንገርዎት» አለችው። «አንዳንዱን ሰው ቶሎ እንዲያሸልብ ይረዳዋል። ጥናቶቹ ግን ትንንሽ ናቸው፤ እርስዎን ይረዳዎታል ብዬ መማል አልችልም። ደግሞ ሾፌር ነዎት። አላዝልዎትም።»

ቤቱ ገብቶ የኦታካርን ብልቃጥ ከፈተ።

እንቅልፍ መጣ። ጠዋት እያፏጨ ጢሙን ሲላጭ ብላንካ በሩ ላይ ቆማ «ማን ሞቶልህ ነው እንዲህ የምትደሰተው?» አለችው።

«እኔው ነኝ! ሞቼ ነው ያደርኩት» ብሎ ከነአረፋው ጉንጯን ሳማት። እንዲህ ከሳቁ ስንት ጊዜያቸው!

ደስታው ብዙ አልቆየም። ትራሞቹ የሚያድሩበት ዴፖ ውስጥ ድንገት የምራቅ ምርመራ ተደረገ፤ የራዲም ምራቅ ውስጥ ካናቢስ ተገኘ።

«ከሁሉም ሰው አንተ?» አለ አለቃው ዝዴኒየክ።

«ለእንቅልፍ ነው። ማታ ነው የምወስደው፤ ስነዳ ደህና ነኝ።»

«እኔ አምንሃለሁ፤ ምርመራው አያምንህም። ቁልፉን ስጠኝ።»

ራዲም ትራም አጣቢ ሆነ። የድሮ ባልደረቦቹ ያቆሙትን ትራም ሲያጥብ ሰላምታቸውን ላለመመለስ ያጎነብሳል።

«እንግዲህ ማን ይመረምርሃል? እንደ ልብህ ውሰድ» አለው ኦታካር። ወሰደ። ጠብታው ግን ኃይሉ ደከመ። ቢጨምር አፉ ደረቀ፣ ራሱ ከበደ እንጂ እንቅልፍ የለም። ቢተወው ባሰበት፤ ላብ ያጠምቀው፣ ቅዠት ያባንነው ጀመር። ተመልሶ ቢጀምረው እንደ ውኃ ሆነበት።

አንድ እሑድ ምሳ በልተው ጋደም አሉ። ብላንካን ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ራዲም ክፍት አፏን፣ ረጋ ያለ ትንፋሿን አየና ጥላቻ የሚመስል ነገር ደረቱን ሞላው። ተነሥቶ ወጥ ቤት ገባ። የትልቁን ድስት ክዳን ከፍ አድርጎ ወለሉ ላይ ለቀቀው።

ብላንካ ደንግጣ መጣች። ክዳኑን አየች፤ እሱን አየች።

«ሆን ብለህ ነው፣ አይደል?»

ሊዋሽ ፈለገ፤ አቃተው። «አዎ» አለ።

አልተቆጣችም። ኮቷን ደረበችና እናቷ ቤት ልትተኛ ሄደች። ራዲም ሳህኖቹን አጥቦ ጨረሰ፤ ከዚያ አልጋው ላይ ወጥቶ በጠራራ ፀሐይ ጣሪያውን ያይ ጀመር።