መምሬ ወዳጆ የገለጡት ገጽ

«ልጄ ኮከብ፣ መስታወቱ አይሰለችሽም?» አሉኝ መምሬ ወዳጆ።

2006 ዓ.ም. ነው። ሞላሌ ተመድቤ ማስተማር ከጀመርኩ አራት ወሬ ነበር፤ የተከራየሁትም እሳቸው ግቢ ውስጥ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ አነባለሁ። እሳቸው ግን አራት ወር ሙሉ መልኬን የማይ መስሏቸው ኖሯል።

«መስታወት አይደለም፣ መምሬ። መጽሐፍ ማንበቢያ ነው» አልኩና ሰጠኋቸው። ፊቴ ጋለ።

በእጃቸው መዘኑት። ወደ ፀሐይ አዞሩት። «ስልክ ፀሐይ ላይ አይታይም። ይሄ እንደ ብራና ነው» አሉ። ብዙ መቶ መጽሐፍ እንደሚይዝ ብነግራቸው አልደነቃቸውም። አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ሦስት ሳምንት እንደሚቆይ ስነግራቸው ግን «መብራት ቢጠፋም አይገደውማ!» ብለው ሳቁ።

መምሬ በየወሩ በ12 ለሚካኤል ማኅበር ድርሳኑን ማንበብ ከጀመሩ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ባለፈው ወር ቦታ ጠፍቶ ከኋላቸው ተቀምጬ ነበር። ግማሹን ሳያነቡ ገጹን ገለጡት፤ ለካ በቃላቸው ነበር የሚሉት። መሀል ላይ ሲጠፋባቸው ተገኘ የሚባለው ዲያቆን «ከእንግዲህ እኔ ላንብብልዎት?» አለ። መጽሐፉን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

ያየሁትን ለማንም አልተናገርኩም። ጓደኛዬን ጌታነሽን ግን ያንኑ ድርሳን እንድትፈልግልኝ ለመንኳት፤ አግኝታ ወደ ማንበቢያው በኢሜይል ላከችልኝ። መጀመሪያ ማንበቢያው ፊደላችንን ስለማያውቅ ባዶ ሳጥን ብቻ አሳየኝ። ፊደሉን ከጽሑፉ ጋር አብራ ጭና ደግማ ላከችው። ስምንት መስመር ብቻ አንድ ገጽ እስኪሞላ ድረስ አሳደግሁት።

«ለራሴ ነው ያሳደግሁት፤ ዓይኔ እየደከመ» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «ያንቺም?»

ጠርዙን ሲነኩት ገጹ እንደሚዞር አሳየኋቸው። እንደ ልማዳቸው አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ነኩት፤ ሦስት ገጽ ዘለለ።

«በደረቁ፣ መምሬ።»

በሳምንቱ የለመዱ መሰለኝ።

በ12 መጽሐፉን ከማኅደሩ አውጥተው ዘረጉና ማንበቢያውን ላዩ ላይ አኖሩት።

«መምሬ፣ ሰው ደውሎልዎት ነው?» አለ ተገኘ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

«ዓይኔ ደክሟል» አሉ መምሬ። «ይሄ የኮከብ ነው። አንተ ዝም ብለህ ስማ።»

ማንበብ ጀመሩ። ድምፃቸው እየሞቀ ሄደ። ንባቡ ሲስባቸው የነገርኳቸውን ረሱና አውራ ጣታቸውን በምራቅ አረሱ። ገጹ ዘለለ። ቦታው ጠፋባቸው። ተገኘ እጁን ወደ መጽሐፉ ዘረጋ።

እኔ ከሴቶቹ ጋር በሩ ሥር ነበርኩ። እዚያ ቤት ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም። ተነሥቼ በወንዶቹ መሀል አለፍኩ፤ መስታወቱን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁና ገጹን መለስኩት።

«የቱ ጋ ነበርኩ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

በጣቴ አሳየኋቸው። እስከ መጨረሻው አነበቡት።

ከዚያ ወር ጀምሮ በ12 በ12 አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ ገጹን የማዞረው እኔ ነኝ።