ስም የተሸፈነበት ምርጫ

ወይዘሮ ላቀች የሠርክ ጸሎት አድርሳ ስትመለስ «እማዬ መጣሽ?» የሚላት አልነበረም። አምስት ልጅ ያሳደገችበት ቤት ከሷ ኮቴ በቀር የሚሰማው ነገር ካጣ ቆየ። አራቱ ትዳር ይዘው በየፊናቸው ሄደዋል። የመጨረሻዋ ስመኝ ደግሞ ሁለት መኪና ተቀያይሮ ከሚደረስበት ቆላ ባዮሎጂ ታስተምራለች።

ስመኝ ማስተርስ ለመማር ሁለት ዓመት አመልክታ፣ ሁለቱንም ጊዜ ፈተናውን አልፋ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከተለጠፈው ዝርዝር ላይ ስሟን አጥታዋለች። ለምን እንደቀረች የነገራት የለም። ዘንድሮ ሦስተኛዋ ነው። ወረዳውም የድጋፍ ደብዳቤውን ሲሰጣት «ከዚህ በኋላ አንጽፍልሽም» ብሏታል።

ታዲያ ዛሬ የሰበካ ጉባኤው አቶ እሸቴ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ይዞ አስቀራት። «እትዬ ላቀች፣ የወንድሜ ልጅ ለማስተርሱ ተማሪ ከሚመርጡት አንዱ ነው። ነገ ጠዋት የልጅዎን ስምና የፈተና ቁጥር ያምጡልኝ፣ እደውላለሁ። ዘንድሮ ያልተደወለለት ማን ይገባል ብለው ነው?»

ቁጥሩን በወረቀት ጽፋ ሥዕለ አድኅኖው ሥር አስቀመጠችው። መልሳ አነሳችው። መልሳ አስቀመጠችው። «እመቤቴ፣ ይሄ እናትነት ነው ወይስ ኃጢአት? አንቺው ፍረጂኝ» ብላ ሳትበላ ጋደም አለች። ባዶ ቤት ሲያስቡበት ይሰፋልና፣ ስፋቱን እያየች እንቅልፍ ወሰዳት።

በሕልሟ ከአንድ ትልቅ ግቢ በር ላይ ቆማለች። በሩ ዝጓል፤ ከሥሩ ሣር በቅሎበታል። ክላሴር ያቀፉ ወጣቶች በዚያ በር ፊት ለፊት ተሰልፈው፣ ፀሐዩም ዝናቡም እየተፈራረቀባቸው፣ ቆመው ያረጃሉ። አንዷ ጸጉሯ እዚያው ሸብቷል። ከግቢው ጀርባ ግን ትንሽ በር አለች፤ ሰው ስልክ ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ጎንበስ እያለ በሷ ይገባል። ካኪ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ዘበኛ መጡና ክንዷን ያዙ።

«አባባ፣ እነዚህን ለምን አያስገቧቸውም?»

«ቁልፉ እኔ ጋ መስሎሽ ነው? አንድ ስም በዚያች በር በገባ ቁጥር ከማመልከቻው ክምር ሥር አንድ ወረቀት ይወድቃል። የኔ ሥራ መልቀም ነው።» ኪሳቸው በወረቀት አብጧል።

«የማን የማን ነው?»

«የእናቶች ልጆች ነው።»

ወይዘሮ ላቀች አምናና ካቻምና ትዝ አሏት። «የኔም ልጅ እዚህ ውስጥ ትኖር ይሆን?»

«እኔ እለቅማለሁ እንጂ ስም አላነብም። ነይ፣ ሌላ አገር ላሳይሽ» አሏት።

ጥቂት እንደሄዱ ያው ግቢ ነው፤ ግን ሌላ ሆኗል። ትንሿ በር በድንጋይ ተደፍናለች፤ ትልቁ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። በሰፊ አዳራሽ ውስጥ መምህራን ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ከመካከላቸው ገበሬም፣ አዋላጅም፣ ሸማኔም አለ። ወረቀቶቹ ላይ ስም የለም፣ የአባት ስም የለም፣ አገር የለም። የእያንዳንዱ አመልካች የፈተና ውጤትና ሊያጠናው የፈለገው ጥያቄ ብቻ ይነበባል። ገበሬው «ይሄኛው እኛን ይጠቅመናል፣ ድገሙልን» ይላል፤ መምህሩ «ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ዝግጅቱ ግን ይቀረዋል» ይላል። ያልተመረጠውንም አንድ ሰው ለብቻ አስቀምጦ የጎደለውን ይነግረዋል። የቀሩት እንኳ አንገታቸውን ሳይደፉ ሲወጡ አየች።

ያን ሁሉ አይታ፣ የእናት ሆድ ነውና፣ ወደ ዘበኛው ጆሮ ተጠጋች። «አባባ... እስቲ የኔዋን ትንሽ ወደ ላይ ከፍ ያድርጉልኝ።»

ሽማግሌው ሳቁ። «እዚህም? የትኛዋ ናት ያንቺ?»

«ስመኝ ትባላለች።»

«እዚህ ስም የለም።»

«የክርስትና ስሟ ወለተ ሐና ነው።»

«እሱን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ጥያቄዋ ምንድን ነው? ምን ልታጠና ነው?»

ወይዘሮ ላቀች ወደ ወረቀቱ ክምር ጎንበስ ብላ ማገላበጥ ጀመረች። ለሦስት ዓመት ስለት ተስላለች፣ ጾም ጨምራለች፣ ለስንቱ ቄስ የልጇን ስም ለጸሎት ሰጥታለች። ልጅቷ ምን ማወቅ እንደፈለገች ግን አንድ ቀን ጠይቃት አታውቅም። ክምሩ ሁሉ ፊቷ ተዘርግቶ የራሷን ልጅ ከሰው ልጅ መለየት አቃታት። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ብቻዋን ቆማ አለቀሰች። ዘበኛው ግን አልተቆጧትም፤ «ሂጂ፣ ጠይቂያት» ብቻ አሏት።

ስትነቃ ጎህ ቀዷል። ፊቷን ሳትታጠብ ደወለች።

«እማዬ? በዚህ ሰዓት ምን ሆንሽ?»

«ደህና ነኝ። አቶ እሸቴ ለመራጮቹ ልደውልላት ብሎኝ ነበር። እንዳይደውል ልነግረው ነው።»

«እማዬ፣ ሰው ሁሉ እኮ ያስደውላል። ዘንድሮም ከቀረሁስ?»

«ከቀረሽ ለምን እንደቀረሽ ቢሯቸው ድረስ አብሬሽ መጥቼ እጠይቃለሁ። አሁን ግን አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ልታጠኚ የፈለግሽው ምንድን ነው?»

«ዛሬ ነው የጠየቅሽኝ?» አለች ስመኝ። «ማሽላ ውስጥ ገብቶ አገዳውን የሚበላ ትል አለ። አዝመራው በተበላ ቁጥር የተማሪዎቼ ወንበር ባዶ ይሆናል...» ቀስ በቀስም ድምጿ እየሞቀ ሄደ። ወይዘሮ ላቀች ግማሹ አልገባትም፤ ግን እንዳታቋርጣት ትንፋሿን ውጣ ሰማቻት።

ከኪዳን በኋላ አቶ እሸቴ ስልኩን በእጁ ይዞ ደጀ ሰላሙ ጋ ይጠብቃት ነበር። አጠገቡ ልጅ ያስተማሩ ሦስት አራት እናቶች ቆመዋል፤ ሁሉም ቁጥር ይዘዋል።

«አመጡልኝ እትዬ?»

«አላመጣሁም።»

«አይ እትዬ! ኋላ ሲያለቅሱ እንዳላይዎት።»

«አልቅሼ ጨረስኩ» አለችና ወደ ሴቶቹ ዞረች። «እናንተም ቁጥሩን ከመስጠታችሁ በፊት እስቲ አንዴ ተቀመጡ። ያየሁትን ልንገራችሁ።»