ያረረ ቶፊ

በፋሲካ ሰሞን ባሏ ዊልፍ ከሞተ ወዲህ፣ ሄቲ የምትበላው ሁሉ አፏ ውስጥ ጭቃ ሆኖባታል። የበግ ጥብሱም፣ ሻዩም፣ ጎረቤት የሚያመጣላት ኬክም አንድ ናቸው። መጀመሪያ ጉንፋን መስሏት ነበር። ጉንፋኑ ግን በጋውንም ተሻገረ። ለማንም አልተናገረችም። ከአፏ ከወጣ ለዘለዓለም እንዲሁ ሆኖ የሚቀር መሰላት። «እየበላሽ ነው?» ሲሏት «እበላለሁ» ትላለች፤ ትበላለችም።

በዚያ የእንግሊዝ አገር የዮርክሺር ዳገት ላይ፣ በየኖቬምበሩ ትልቅ እሳት የሚነድበት የደመራው ቀን ሲደርስ ሰፈርተኛው ስኳርና ቅቤ ከጥቁር ሞላሰስ ጋር አፍልቶ ቶፊ የሚባል ደረቅ ከረሜላ ይሠራል። በትሪ ላይ ይዘረጋና ሲደርቅ በመዶሻ ይሰበራል። የማን ቶፊ እንደሚበልጥ የሚፈርደው ዊልፍ ነበር። እሱ የመረጠው ትሪ እሳቱ ዳር መጀመሪያ ይታደላል። ይግባኝ የለውም።

ዘንድሮ ከሰዓት በኋላ በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተና ጎረቤቶቿ ዶሪንና ማቪስ፣ ከኋላቸውም የዊልፍ ታናሽ ወንድም ክሊፎርድ፣ ትሪ ትሪያቸውን ይዘው ገቡ።

«በይ ተቀመጪ፣ የዳኛው ወንበር ያንቺ ነው» አለች ዶሪን።

«ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ያን ሁሉ ዓመት ከዳኛ ጋር ተኝተሽ ምንም አልተማርሽም?» አለች ማቪስ።

ሄቲ አብራቸው ሳቀች። ምላሷ እንደሞተ ግን ዛሬ ሊያውቁባት ነው። ድንገት የዊልፍ ነገር ትዝ አላት። «ቶፊ በጆሮ ነው የሚቀመሰው» ይል ነበር፤ «በደንብ የፈላ እንደ መስታወት ይጮኻል፣ ያልበሰለ እንደ እርጥብ እንጨት ዱም ይላል።» እንግዲያው በጆሮዋ ትፈርዳለች። ከመሳቢያው መዶሻውን አወጣች።

ለውዝ የተነሰነሰበት የዶሪን ቶፊ ጥርት ብሎ ተሰነጠቀ። ሄቲ አንዱን ስባሪ ጎረሰች። ጠጠር።

«እህሳ?»

«ጥሩ ነው። ይጮኻል።»

«ይጮኻል? ቶፊ እንጂ ደወል አመጣሁልሽ እንዴ?»

የማቪስ ወተት የበዛበት ነበር፤ ዱም አለና መዶሻው ላይ ተጣበቀ። ሄቲ እሱንም አኘከች። ምንም። «ጥርሴን ይዞት ሊሄድ ነው» አለች፣ እንዲስቁላት። ሳቁ። ልትፈርድ አፏን ስትከፍት ክሊፎርድ ትሪውን በጨርቅ እንደሸፈነ ወደ በሩ ሲያፈገፍግ አየችው።

«ያንተስ?»

«የእኔን ተዪው ባክሽ። ዊልፍ ‹ቶፊ ሲፈላ አይማሰልም› ይል አልነበር? አላማሰልኩም። እሳቱን መቀነስ እንዳለብኝ ግን ሳይነግረኝ ሄደ።»

ማቪስ ጨርቁን ገለጥ አደረገችው። «ይሄማ የድንጋይ ከሰል ነው! ደመራው ውስጥ ጨምረው!»

ክሊፎርድ ሳቀ፤ ጆሮዎቹ ግን ቀሉ። ወንድሙን አስቦ የሠራው የመጀመሪያ ቶፊው ነው። ሄቲ አሳዘናትና አንድ ስባሪ አንስታ ጎረሰች።

መረራት።

መጀመሪያ ቅዠት መስሏት ነበር። ምራቋን ዋጠች። መራራው ምላሷን ከዳር እስከ ዳር ያዘው፤ ጭስ ጭስ አላት። ከጭሱ በስተጀርባ ሞላሰሱ መጣ፣ ቀጥሎ የቅቤው ጨው። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እንዲህ ይመራል እንዴ?» አለ ክሊፎርድ ደንግጦ።

«በጣም ይመራል» አለችና ሌላ ደገመች። ከዚያ ወደ ዶሪን ትሪ ተመለሰች፤ ለውዙ አለ! የማቪስን ጎረሰች፤ ወተቱ አለ! ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለለች ስትበላ ሦስቱም አፋቸውን ከፍተው አዩዋት።

«ከቀብሩ ወዲህ የምግብ ጣዕም አላውቅም ነበር» አለች፣ ጉንጯን በእጇ ጀርባ እየጠረገች።

ዶሪን እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች ዶሪን። «ያን ሁሉ ኬክ ሳመጣልሽ ‹ሲጣፍጥ!› ያልሽኝስ?»

«ውሸቴን ነው።»

«አንቺ ሰይጣን!» ብላ አንገቷን አቀፈቻት፤ ሁለቱም እየሳቁ አለቀሱ።

«ፍርዱስ?» አለች ማቪስ፣ እየተናፈጠች።

«ለሰፈሩ የዶሪን ይታደል፤ ከሁሉም እሱ ይበልጣል። የክሊፎርድን ግን ማንም እንዳይነካብኝ።» ያረረውን ስባሪ በወረቀት ጠቅልላ የሹራቧ ኪስ ከተተች። ካፖርቷን ለመልበስ ተነሣችና ወደ ዶሪን ዞር አለች።

«ስሚ፣ ትናንት ካመጣሽልኝ ኬክ ቤትሽ የተረፈ አለ? ርቦኛል።»