የሂልካ የመታጠቢያ ቤት ሳውና

ሂልካ ለዓመታት በጉሮሮዋ ተሰንቅሮ የኖረ አጥንት ነበራት፤ አጥንቱም ቅዳሜ ነው። በፊንላንዷ ታምፔሬ ከተማ ከባሏ ጋር በምትኖርበት ፎቅ ምድር ቤት የነዋሪው ሁሉ ሳውና፣ በጋለ ድንጋይ እንፋሎት የሚታጠቡበት ክፍል፣ አለ፤ ለየቤቱ በሳምንት አንድ ሰዓት ይደርሰዋል። ለሂልካ የደረሳት ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ሳውና የሚገባ ሰው እድፉን ያስለቅቃል እንጂ ነፍሱ አትጠግብም። ሰው ሁሉ ታጥቦ ንጹሕ ሸሚዝ የሚለብስበት የቅዳሜ ማታ ግን የላይኛዋ ጎረቤት የእትዬ ሄልቪ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ትገባለች።

"ለአንዲት ቀጭን አሮጊት ያ ሁሉ እንፋሎት" ትላለች ሂልካ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር።

"ሄደሽ ንገሪያታ" ይላታል ባሏ ታውኖ።

"ምን ብዬ? ዐይን የላትም?"

"ከጣሪያሽ በላይ ስለኖረች ነቢይ አትሆን።"

ሂልካ ግን ከምትለምን ቆሽሻ ብትኖር ትመርጣለች። አንድ በረዶ የወረደበት የጥር ቅዳሜ ታዲያ ቆርጣ ተነሣች። ከአማቷ አሮጌ ሳውና የተረፉትን ድንጋዮች በብረት ድስት ሞልታ ኦቭን ውስጥ ከተተች። የመታጠቢያ ቤቱን መስኮት ዘጋች፣ የበሩን ሥር በእርጥብ ፎጣ ወተፈች፣ ሻወሩን በትኩሱ ለቀቀችው። ባለፈው በጋ አስራ ፍሪዘር ውስጥ ያኖረችውን፣ ሳውና ውስጥ ገላ የሚመቱበትን የበርች ዛፍ ቅጠል እስር አውጥታ ለብ ባለ ውሃ ነከረች። ድስቱ ሲግል በወፍራም ጓንት ተሸክማ አመጣችው።

አሁን የቀረው መቀመጫው ነው። እንፋሎት ሽቅብ ይሸሻል፤ ከታች ለተቀመጠ ሰው የሚተርፈው የእግር ብርድ ብቻ ነው። ዙሪያዋን ብታይ ከፍ ያለ ነገር የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ብቻ ሆነ።

"ውጣ" አለችው ታውኖን።

"የት?"

"ማሽኑ ላይ። ፎጣ አንጥፌልሃለሁ።"

"አጥበሽ ብቻ ትተዪኛለሽ ወይስ ትጨምቂኛለሽ?"

"ዝም ብለህ ውጣ። ሳውና ውስጥ ክርክር የለም።"

እሷም አጠገቡ ወጥታ ጉልበት ለጉልበት ተጣበቁ። በረጅሙ ጭልፋ ውሃ ስታፈስበት ድንጋዩ ቸስስ አለ፤ እንፋሎቱ ጣሪያውን ልሶ ትከሻቸው ላይ ወረደ። ጀርባዋን በቅጠሉ ስትመታ የበጋ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሽታው ግን እዚያ አልቆመም፤ በአየር ማስወጫው ቀዳዳ ወደ ላይ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ የቤቱ በር ተንኳኳ። ሂልካ ፎጣ አገልድማ ከፈተች። እትዬ ሄልቪ ናት፤ ጋዋን ለብሳ፣ ባልዲዋን አንጠልጥላ ወደ ምድር ቤት እየወረደች ነበር።

"ቤቴ በርች በርች ሸተተኝ" አለች። "በዚህ በረዶ። አእምሮዬ የሄደ መስሎኝ ደነገጥኩ።"

ዘልቃ አየች። ታውኖ ቆጥ ላይ እንዳደረ ዶሮ ማሽኑ ላይ ተሰቅሏል።

"እንዴት አመሹ" አለ፣ ከቆጡ ሳይወርድ።

"ይሄ እንፋሎት ያላብሳል እንጂ አይነክስም" አለች አሮጊቷ። "ድንጋዩ ትንሽ ነው። ምነው ልጄ፣ ታች ያለው ትልቁ ምድጃ ምን በደለሽ?"

"ቅዳሜ የርስዎ ነው።"

"ነው እንጂ። ላይኛው መደብ ስድስት ሰው ይይዛል፤ እኔ ጫፉ ላይ ሆኜ ባዶውን ሳይ አመሻለሁ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ፊትሽን ስታዞሪ የጠላሽኝ መስሎኝ ኖርኩ። አንድ ቀን ልግባ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?"

ከማሽኑ ላይ ታውኖ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"አንተ ዝም በል" አለችው ሂልካ፣ ገና ሳይናገር።

ከዚያ ወለሉን እያየች፣ ጥርሷን እንደሚነቅሏት ሰው፣ "ልግባ?" አለች።

"ቅጠሉን ያዢልኝ" አለች እትዬ ሄልቪ። "የሚያስርልኝ ባሌ ነበር።"

ሂልካ ካፖርቷን ደርባ፣ የሚያንጠባጥበውን ቅጠል አንስታ ተከተለቻት።

"እኔስ?" አለ ታውኖ።

"ያንተ ማክሰኞ ነው" አለችውና በሩን ዘጋች።