በነጭ የተቀባው ደጅ

ሰዎች ወደ ሻወን፣ ወደዚህች ግድግዳዋ ሰማያዊ ወደሆነ የሞሮኮ ከተማችን፣ ደጋግመው የሚመለሱበትን ምክንያት ሲዘረዝሩ ሰምቼ ጠግቤያለሁ። ብርሃኑ ይላሉ። ጸጥታው ይላሉ፤ ያንኑ ጸጥታ በመስኮቴ ስር እየጮኹ ያወድሱታል። ስፔናዊው ዶን ኢግናሲዮ በየጸደዩ ይመጣና ደጃችን ላይ ተደግፎ ፎቶ ይነሳል። "እዚህ ነፍሴ ታርፋለች" ይላል። የሱ ነፍስ ስታርፍ የልጄ የኢክራም ጆሮ አያርፍም።

ኢክራም ዘንድሮ የመጨረሻውን ፈተና ልትፈተን ነው። ክፍሏ ያለው አንድ መስኮት ብቻ ነው፣ እሱም ወደ መንገዱ። ሲዘጋ ትታፈናለች፣ ሲከፈት የእንግዳው ሁሉ ሳቅ ይገባባታል። እንደምትወድቅ ታየኝ። ከወደቀች ለእንግዳ ማረፊያ አንሶላ ታጥባለች፤ ስታጥብ እጇ ይላላጣል፤ እጇ የተላጠባትን ልጅ ማን ያገባል?

በጸደይ የሰፈሩ ሴቶች ግድግዳውን አብረን ሰማያዊ እንቀባለን። እኔ ዘንድሮ የቤቴን ፊት፣ በሩንም ጭምር፣ በነጭ ኖራ ብቻ ቀብቼ ተውኩት። ፎቶ አንሺ ሰማያዊ ካጣ ሌላ ደጅ ይፈልጋል ብዬ ነው። እኛ ዘንድ ግን ባሏ የሞተባት ሴት ነጭ እንደምትለብስ ረስቼ ነበር።

በማግስቱ ጎረቤቴ ላላ ዙሁር፣ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው ሾጣጣ ስኳር ታቅፋ መጣች።

"አላህ ያጽናሽ እህቴ። ባልሽ ሲ ሙስጠፋ መቼ አረፈ?"

"ኩሽና ውስጥ ሰርዲን እየበላ ነው።"

"ታዲያ ቤቱን ምን ብለሽ ነጭ አለበስሽው?"

"እንግዶቹ እንዲሸሹልኝ።"

"ሰውዬውን በቁሙ ቀበርሽው በይኛ። በይ ስኳሬን ይዤ ልሂድ።"

ባሌ ከኩሽና "ተይው፤ የሞትኩት እኔ ከሆንኩ ስኳሩም የኔ ነው" አላት።

እነሱ ይሳቁ። እኔ ግን ሞትን በገዛ እጄ ወደ ቤቴ የጠራሁት መሰለኝና ሰማያዊውን ቀለም በጥብጬ ብሩሹን አነሳሁ። ኢክራም በመስኮት ብቅ አለች።

"እማ፣ አትንኪው። ዛሬ አንድ ሰው እንኳ እዚህ አልጮኸም።"

"አባትሽን ብናጣስ?"

"አባባ ደህና ነው። እኔ ነኝ የምወድቀው።"

ብሩሹን አስቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ዶን ኢግናሲዮ ባርኔጣውን አውልቆ መጣ።

"ሴኞራ፣ አዘንኩ። ማን ነው የሞተው?"

በሕይወት ያለ ሰው ስም መጥራት ፈራሁ። ኋላ አክስቴ ባቱል ትዝ አለችኝ፤ ኢክራም ሳትወለድ የሞተች ናት፣ ዳግመኛ አትሞትም።

"አክስቴ ናት" አልኩት።

ግድግዳውን በስስት አየው። "እንዴት ያለ ጥልቅ ባህል ነው። ለዚህ እኮ ነው የምመለሰው" አለና ካሜራውን አነሳ።

በሩ ላይ ቆምኩበት። "ለቅሶ ቤት ፎቶ አይነሳም።"

"ልክ ነሽ፣ ይቅርታ። መቼ ይፈቀዳል?"

"አርባዋ ሲወጣ።"

"እንግዲያው ለአርባዋ እመለሳለሁ። ለሌሎቹም እነግራቸዋለሁ፣ በዚህ በኩል እንዳያልፉ።"

ፈተናው ከዚያ በፊት ያልቃል።

"ና" አልኩት፣ "ኩስኩስ ይኖራል።"

ደረቱን በእጁ ይዞ እጅ ነሳኝና በእግሩ ጣት እየረገጠ ሄደ። ከላይ ኢክራም ድምጿን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች።