ያልተጫረው ክብሪት

“ጣሰው፣ ትሰማኛለህ?”

አይሰማም። የሺሐረግ ባሏን በጎኑ አጋድማ፣ ነጠላዋን አጣጥፋ ከጭንቅላቱ ሥር አስገብታለች። ክንዱና እግሩ እየተርገፈገፉ የጠረጴዛውን እግር ይመታሉ። ትንሽ ቀደም ብሎ ቁርሱን ይበላ ነበር። ጉርሻ የያዘ እጁ መሃል ላይ ቀረ፣ አፉ ባዶውን ማኘክ ጀመረ፣ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ተተከለ፤ ከዚያ እንደ ግንድ ደርቆ ወደቀ። “አቦዬ፣ አደራህን” አለች በለሆሳስ። 

አጠገባቸው ሱቅ ያላት ዙለይኻ ድምፁን ሰምታ እየጮኸች ገባች፤ አየችውና ክብሪት ልታመጣ ተመልሳ ሮጠች። የወደቀ ሰው ክብሪት ተጭሮ ጭሱን ሲያሸቱት ይነቃል ይባላል፤ ሰፈሩ የሚያውቀው መድኃኒት ይኸው ነው። ይዛ ስትመለስ ግን ጣሰው መንቀጥቀጡን አቁሞ በከባዱ ይተነፍስ ነበር። የሺሐረግ “ተዪው፣ እየተመለሰ ነው” ብላ እጇን ያዘቻት።

ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ ያየው ዙለይኻን ነበር፤ ከነክብሪቷ ከራስጌው ቆማለች። ስሟ ጠፋበት። ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቀ፤ ሁለት ጊዜ ነገሩት።

አራት ሰዓት ላይ፣ ጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ወረፋ ሲጠብቁ፣ ወደ ራሱ ተመልሶ መቀለድ ጀምሮ ነበር። ዙለይኻን ከራስጌው ሲያያት መልአክ መጣልኝ ብሎ እንደነበር፣ መልአክ ግን እንደዚያ እንደማይጮህ ለየሺሐረግ ነገራት። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለነርሷ ምን እንደምትል አስጠናት። ያው የክረምቱ ሕመም ነው፤ ልቡ መታበት፣ ተንቀጠቀጠ፤ ራሱን ግን አልሳተም።

ጣሰው የክር ፋብሪካ ሠራተኞችን የሚያመላልስ የሰርቪስ ሾፌር ነው፤ አርባ ሁለት ሰው ይጭናል። ጠዋት ከዙለይኻ ሱቅ ሲገዛ የነበረ የፋብሪካው ጥበቃ መውደቁን ለስምሪት ኃላፊው ነግሮበታል። ኃላፊውም ስልክ ደውሎ፣ ለመንዳት ብቁ ነው የሚል ወረቀት ካላመጣ የአስር ሰዓቱን ፈረቃ እንደማያወጣ ቁርጡን ነግሮታል። የሚጥል በሽታ የሚል ስም ከወጣበት መንጃ ፈቃዱ ምን እንደሚሆን ባልና ሚስቱ ያውቁታል። ጣሰው ከመሪ በቀር ሌላ ሥራ ይዞ አያውቅም።

የክረምቱ ሕመም የጀመረው፣ ከፊቱ ይሄድ የነበረ የጭነት መኪና ተገልብጦ ሾፌሩ ሲሞት ካየ በኋላ ነው። በድንገት ልቡ ይደልቃል፣ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ አየር ያጥረውና “ሞትኩ” ይላል። የጤና ጣቢያው የአእምሮ ጤና ነርስ ሲስተር ማህሌት፣ ሳይታሰብ የሚነሳ ኃይለኛ ጭንቀት ነው፣ እንዲህ እያስፈራም አይገድልም ብላ አተነፋፈስ አስተማረችው፤ ተሻለውም። ያን ጊዜ ሲይዘው የሚስቱን እጅ ጨምድዶ ይይዝ ነበር። የምትለውን ይሰማል፣ ይመልስላታል፣ ሲለቀውም አንድ በአንድ ይተርክላታል። የዛሬ ጠዋቱ እጅ ግን ማንንም አልፈለገም።

ተራቸው ደርሶ ገቡ። ማህሌት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ ሳታቋርጠው እስከ መጨረሻው ሰማችው። ጣሰው ሲያወራ ያምርበታል።

“ወለሉ ላይ ሆነው ምን ምን ይሰማዎት ነበር፣ ጋሽ ጣሰው?”

“ሁሉም ነዋ። የሺ ስትጠራኝ ይሰማኛል። ጎረቤታችን ስትጮህ ይሰማኛል። ክብሪቱን ጭራ አፍንጫዬ ሥር ስትይዘው፣ ሽታው እኮ እስካሁን አለቀቀኝም። ራሱን የሳተ ሰው ክብሪት ይሸተዋል እንዴ፣ ሲስተር?”

ማህሌት ራሷን ነቀነቀችና አንድ ነገር ጻፈች። ከዚያ ወደ የሺሐረግ ዞረች።

“እርስዎስ የሚጨምሩት አለ?”

የጣሰው ጫማ በወንበሩ ሥር መጥቶ የእግሯን ጣቶች ተጫነ። የሺሐረግ ፊቱን አየችው። ሲዋሽ ታውቀዋለች፤ ጆሮው ይቀላል። አሁን አልቀላም። ሲነቃ ዙለይኻ እጅ ላይ ያየውን ክብሪት ልቡ ጭሮት፣ ሽታውንም ጨምሮበት፣ ከምር አምኖታል። የፈራችው ይህንን ነው። የማታ ፈረቃ ጨርሰው፣ ራሳቸውን የሰርቪሱ መስታወት ላይ አስደግፈው የሚተኙት ሴቶች ትዝ አሏት።

“ክብሪት አልተጫረም” አለች።

ጫማው ከእግሯ ላይ ተነሳ።

“ይዛው መጣች እንጂ አልጫረችውም። እኔ ነኝ የከለከልኳት። እሱ ሲነቃ እጇ ላይ አየው።”

“የሺ” አለ ጣሰው። ስሟን ብቻ።

የቀረውንም ተናገረች። ባዶ አፍ ማኘኩን፣ እንደ ግንድ መድረቁን፣ በስልኳ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ያህል መንቀጥቀጡን፣ የዙለይኻ ስም መጥፋቱን። ማህሌት በጎኑ ማጋደሟን አመሰገነችላት፤ ክብሪት ምንም እንደማይጠቅምም ነገረቻት።

“በዚህ ብቻ አልቆርጥም፤ ሐኪም አይቶዎት የአንጎል ምርመራ ያስፈልጋል” አለችው ወደ ጣሰው ዞራ። “ግን የክረምቱና የዛሬው አንድ አይመስሉኝም። አንድ ሰው ላይ ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ። የሚጥል በሽታ ቢሆን መድኃኒት አለው፤ ብዙ ሰው እየወሰደ ኑሮውን ይኖራል። እስኪታወቅ ድረስ ግን መሪ አይይዙም።”

በብቁነቱ ወረቀት ፈንታ ወደ ሆስፒታል የሚልከውን ወረቀት ጻፈችለት።

ጣሰው ቀድሟት ወጣ። ግቢው ውስጥ፣ ቧንቧው አጠገብ ስትደርስበት ጀርባውን እንደሰጣት ተናገረ።

“ሃያ ሁለት ዓመት አብረሽኝ ኖረሽ፣ በሰው ፊት ውሸታም አደረግሽኝ።”

“ውሸታም አላልኩህም።”

“ታዲያ ምን አልሽኝ?”

“እዚያ አልነበርክም ነው ያልኩህ።”

የቧንቧው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አንዲት እናት ጀሪካን ሞልታ እስክትሄድ ድረስ ጠበቀ። 

“ማክሰኞ ገላን ኮንዶሚኒየም ላይ ሰው ሳልጭን አልፌያለሁ” አለ በመጨረሻ። “ኋላ ያሉት ሲጮኹብኝ ነው ያቆምኩት። ሐሳብ ይዞኝ ሄደ ብዬ ሳቅኩ፤ እነሱም ሳቁ። እንዴት እንዳለፍኩ አላውቅም፣ የሺ። መንገዱ ጭንቅላቴ ውስጥ የለም።”

 አጠገቡ ተቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ የጨነቃት የአስሩ ፈረቃ ነበር፤ ማክሰኞ ያለፈውን አላወቀችም።

ስልኩን አውጥቶ ሰጣት። ለተጠባባቂው ሾፌር ለደበላ እንድትደውልለት፣ ራሱን አሞት ተኝቷል እንድትለው ነገራት። ስልኩን ተቀብላ ጥቂት አየችውና መልሳ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችው። 

ጣሰው ራሱ ደወለ።

“ደበላ፣ የአስሩን አንተ ያዝልኝ። አይ፣ የዛሬውን ብቻ አይደለም። ጠዋት ወድቄ ነበር፤ ራሴን ስቼ።” በወዲያኛው ጫፍ የሚባለውን ረዘም አድርጎ ሰማ። “ኋላ እነግርሃለሁ። አሁን ስማኝ፤ መኪናዋን ሦስተኛ ማርሽ ላይ አታስገድዳት። ትንሽ ጠብቃት፣ ራሷ ትቀበልሃለች።”