የጋሼ ጃንጥላ ጥያቄ

የባንካችን የውል ክፍል ኃላፊ ስማቸው ሌላ ነበር፤ እኛ ግን ጋሼ ጃንጥላ እንላቸዋለን። አንድ ነጋዴ ከስድስት ወር በኋላ የሚከፍለው የዶላር ዕዳ ካለበት፣ ባንካችን የምንዛሪውን ዋጋ ከዛሬ ይቆርጥለታል። ዴሪቬቲቭ የሚባለው እንዲህ ያለው ውል ነው። ውሉን ስናቀርብላቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ "ጃንጥላውን አየሁት። ዝናቡ የታለ?" ይሉ ነበር። ዝናቡ ዕዳው ነው። ዕዳውን በወረቀት ካላዩ ሞተው ይገኛሉ እንጂ አይፈርሙም።

ያ ክፍል ዛሬም ይናፍቀኛል። ሲጢጥ የሚለው ወንበራቸው፣ እግሩ በካርቶን የተደገፈው ጠረጴዛ፣ በር ላይ የሚሰቅሉት ካፖርት፣ ሁሉም።

አንድ ጊዜ ጋሼ እረፍት ላይ ሳሉ ምክትላቸውን ዝናብ የሌለው ውል አስፈረምኩ። ነጋዴም ዕዳም የለበትም፤ ዶላር ይጨምራል ብዬ ብቻ። ልጅነት ነው። ጨመረ፤ ባንኩም አተረፈ። ሲመለሱ ሁለተኛውን እጥፍ አድርጌ አቀረብኩላቸው። አገላበጡትና ምንም ሳይጠይቁ ፈረሙ። ዶላር ወረደ፤ የዓመቱ ትርፍ ሙልጭ አለ። "ፊርማው የኔ ነው" ብለው ካፖርታቸውን አንስተው ወጡ። እኔን ማንም አልነካኝም።

ሃያ ዓመት ሙሉ፣ እኔን ለማዳን ሲሉ እንደወጡ አምኜ ኖርኩ።

አሁን ወንበሩ የኔ ነው። ባለፈው ወር ሠራተኞቼ ያመጡትን እንዲያ ያለ ውል ፈረምኩ፤ አተረፈ፤ በስብሰባ ተጨበጨበልኝ። ሁለተኛው ሳይፈረም ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ፣ እሑድ ቤታቸው ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። እንጀራዎን ያጡት በኔ ጥፋት ነው።"

ሳቁ። "አንቺ ልጅ፣ ሞኝ መስዬሽ ነበር እንዴ? ዝናብ እንደሌለ እያወቅሁ ነው የፈረምኩት።"

"እንዳላፍር ብለው?"

"የለም። የመጀመሪያው ትርፍ ጣመኝ። አለቆቹ አጨበጨቡልኛ። በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አጨብጭበውልኝ አያውቁም። ጃንጥላ ይዞ ላልበሰበሰ ሰው ማን ያጨበጭባል?"

ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ ባሰብኝ። ቦርሳዬን ከፍቼ ውሉን ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን ፈለግ አደረጉና እጃቸውን መለሱ።

"ለኔ አታሳዪኝ ልጄ። ዛሬም ሊጥመኝ ይችላል።"

ሰኞ ውሉን ሳልፈርም መለስኩት። ማንም አላጨበጨበልኝም።